ሰጋቱራው ይቅደም፦ በጣና ዳርቻ ተረፈ ምርትን ወደ ከሰል ስለ መለወጥ

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረችው ባሕር ዳር በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ ውስጥ ቀደምት ስፍራ አላት። የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የሐይቁን ውሃ በረጅም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ የሚያወርደው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ወንዙ ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት የሚያርፍበት ታላቁ የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ኖሮት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህም ሁሉ ሆኖ በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ ከሚውለው ጠቅላላ ኃይል ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ዛሬም የሚገኘው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። የባሕር ዳር ቤተሰብም ወጡን ለመሥራትና ቡናውን ለማፍላት የከሰል ምድጃውን ከቤቱ አላወጣም፤ ኤሌክትሪክ ያለውም ቢሆን መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚተማመነው በእርሱ ነው። ምድጃው ለተጨማሪ ዓመታት ከኅብረተሰቡ ጋር የሚቆይ ከሆነ፣ ተገቢው ጥያቄ በውስጡ የሚነደው ከሰል ከምን ይሠራ የሚለው ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ በባሕር ዳር አካባቢ በብዛት የሚሰማው መልስ እምቦጭን ወደ ከሰል መለወጥ የሚል ነው፤ ሐይቁን የወረረውን አረም አጥፍቶ በምትኩ ማገዶ ማግኘት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የመምታት ያህል ስለሚመስል ለጆሮ ይጥማል። ነገሩ በሙቀትና በክብደት ስሌት ሲመዘን ግን መልሱ የሚቀረው ይበዛል። ከሐይቁ አረም አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ደረቅ፣ አመዱ ጥቂት የሆነና በከተማው ውስጥ በየቀኑ የሚከማች ሌላ ጥሬ ዕቃ ነው፤ እርሱም የእንጨት መሰንጠቂያዎችና የዕቃ መሥሪያ ቤቶች የሚጥሉት ሰጋቱራ፣ ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ፣ እንዲሁም በከሰል ገበያው ወለል ላይ የሚቀረው ድቃቂ ነው።

ሰጋቱራ መጋዝ እንጨትን በሰነጠቀ ቁጥር የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ መሆኑን ማንም ያውቃል። ፍቅፋቂ መላጊያው የሚልጠው ስስ ልጣጭ ሲሆን፣ ቁርጥራጭ ደግሞ ጣውላው በልክ ሲቆረጥ ከጫፉ የሚወድቀው ጉርድ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከሚለማው ባሕር ዛፍና ጽድ እንዲሁም ከሌሎች ዛፎች የሚሰነጠቀው ግንድ፣ በር፣ መስኮትና አልጋ እስኪሆን ድረስ ከክብደቱ ብዙ ክፍል በዚህ መልክ ይጎድላል። ቁርጥራጩ በአብዛኛው አይጣልም፤ ለማገዶ ይሸጣል። ሰጋቱራው ከፊሉ ለዶሮ ቤት ወለል ይወሰዳል፤ ከፊሉም በቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ መካከሉ በዱላ ተበስቶ ለረጅም ጊዜ በዝግታ ይነዳል። ይህ የሰጋቱራ ምድጃ በኢትዮጵያ ከተሞች የቆየ ብልሃት ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም፤ ጉድለቱ ጭሱ ነው። የተረፈው በየአጥሩ ሥር ይከመራል፣ ይቃጠላል፣ ክረምት ሲገባም ከጎርፉ ጋር ወደ ቦይ ይወርዳል።

እንጨት ለምን ወደ ከሰል እንደሚለወጥ ለመረዳት በውስጡ ያለውን ማየት ይጠቅማል። በአየር የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ የሚደርስ ውሃ ይይዛል፤ የቀረው አካሉ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን በሚባሉ ሦስት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች የተገነባ ሲሆን፣ ሦስቱም ከካርቦን ጋር ብዙ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አዋህደው የያዙ ናቸው። እንጨት አየር በቂ ሆኖ ሳይደርሰው ሲሞቅ መጀመሪያ ውሃው ይተናል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሄሚሴሉሎሱ ይፈርሳል፤ ቀጥሎ ሴሉሎሱ ይከተላል፤ ሊግኒኑ ግን ሰፊ የሙቀት ክልል ይዞ ቀስ እያለ ይለወጣል። የሚወጣው ጋዝ፣ ሬንጅና አሲድ ያዘለ እንፋሎት ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው በካርቦን የበለጸገ ጥቁር ጠጣር አካል ከሰል ይባላል። ደረቅ እንጨት በኪሎ ግራም 18 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ፣ በ400 እና በ600 ዲግሪ መካከል በደንብ የከሰለ ከሰል ከ28 እስከ 30 ሜጋጁል ይሰጣል። ሜጋጁል የሙቀት መጠን መለኪያ ነው፤ አንድ ሜጋጁል ሦስት ሊትር ያህል የባሕር ዳርን የቧንቧ ውሃ እስከ መፍላት ያደርሳል። ከሰል ቀላል፣ ለማጓጓዝ የሚመች፣ በምድጃ ላይም ጭሱ ጥቂት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ብልጫ ግን በነጻ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከማያስተውለው የከሰል ጉዳት አንዱም እዚህ ላይ ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር፣ ማለትም እንጨቱ ተደርድሮ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ በሚከስልበት ዘዴ፣ ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። መካከለኛውን 15 ኪሎ ግራም ብንወስድ፣ እንጨቱ ይዞት ከነበረው 1,800 ሜጋጁል ወደ ከሰሉ የተሻገረው 435 ያህሉ፣ ማለትም ከሩብ የማይበልጠው ነው፤ ሦስት አራተኛው በጭስና በሙቀት መልክ በማክሰያው ቦታ ጠፍቷል። አየሩን በጭስ ማውጫና በመዝጊያ የሚቆጣጠር የጡብ ወይም የብረት ማክሰያ 30 ኪሎ ግራም ሊያስገኝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሚተርፈው ሙቀት ወደ ግማሽ ይጠጋል። የማክሰያው ለውጥ ብቻውን ከአንድ ዛፍ የሚገኘውን ከሰል በእጥፍ ያሳድጋል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በባሕር ዳር ገበያ ላይ በተግባር የሚታይበት ቦታ አለ። ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እንጅባራ ዙሪያ፣ በተለይም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት በማሳቸው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብረው ያሳድጋሉ፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጠው ያከስሉታል፤ ከዚያም መሬቱን እንደገና ያርሱታል። ጥናቶች ይህ ሥርዓት በአሲዳማነት የተጎዳውን የአካባቢውን አፈር እንደረዳ፣ የገበሬውንም ገቢ እንዳሳደገ ያመለክታሉ። በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ከሰል ከተፈጥሮ ደን ሳይሆን ከተተከለ ዛፍ የመጣ በመሆኑ በአገሪቱ የከሰል ታሪክ ውስጥ ምስጋና ሊቸረው ይገባል። በቅርብ ዓመታት ግን ቅጠሉንና ቀንበጡን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ በዲከረንስ ላይ ተነሥቶ ብዙ ተክል አበላሽቷል፤ አንድን ከተማ በአንድ ዛፍ ላይ አሳርፎ መተው ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ይህ በሽታ በግልጽ አሳይቷል።

ከዚሁ የከሰል ንግድ ጋር ተያይዞ በየዕለቱ የሚባክን ሀብት አለ። ከሰል ተሰባሪ ነው፤ ከማክሰያው ሲወጣ፣ በከረጢት ሲታሸግ፣ በመኪና ሲጫንና ሲወርድ፣ በመጨረሻም በጣሳና በፌስታል ሲቸረቸር ከጥቅሉ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ድቃቂ ሆኖ ይቀራል። ድቃቂው አየር ስለማያሳልፍ በምድጃ ላይ አይነድም፤ ስለዚህ ይጣላል። ከዚህ ድቃቂ ጋር ሲነጻጸር ከሰጋቱራ የሚጀምር ሥራ እንኳ ረጅም መንገድ አለው፤ ድቃቂው ዛፉ የተቆረጠለት፣ ጭሱ የወጣለት፣ የመጓጓዣው ዋጋ የተከፈለለት ሙሉ ከሰል ነውና የሚጎድለው መጣበቂያና መጨመቂያ ብቻ ነው። በባሕር ዳር ተረፈ ምርትን ወደ ማገዶ ለመለወጥ የሚነሣ ማንኛውም ማኅበር ወይም ድርጅት የመጀመሪያ እርምጃው የከሰል ተራውን ወለል መጥረግ ቢሆን፣ ከሁሉ ባነሰ ወጪ ከሁሉ የተሻለውን ጥሬ ዕቃ ያገኛል።

ድቃቂን ወደ ጠጣር ማገዶ የሚመልሰው ዘዴ ብሪኬት መሥራት ይባላል። ብናኙ ከመጣበቂያ ጋር ተለውሶ በእጅ ወይም በሞተር በሚሠራ መጨመቂያ ክብ፣ ባለ ቀዳዳ ወይም ጡብ መሳይ ቅርጽ ይይዝና በፀሐይ ይደርቃል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ስኬቱና ውድቀቱ የሚወሰነው በመጣበቂያው ነው። ሸክላ አፈር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ራሱ ስለማይነድ በተጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፣ አመዱም ይበዛል። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስ በደንብ ያጣብቃል፤ ዳግመኛ በሙቀት ካልታከመ ግን በሚነድበት ጊዜ ይጨሳል። ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የሚዘጋጅ ሙቅ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ቢገባ ጠንካራና ንጹሕ ብሪኬት ይሰጣል፤ እህል በተወደደበት አገር ግን ዱቄትን ለምድጃ ማዋል ሊደገፍ አይችልም፤ ከወፍጮ ቤት ወለል ከሚጠረገው ብናኝ ቢዘጋጅ የተሻለ ነው። ገዢው በአንድ ብሪኬት ካዘነ ወደ ሁለተኛው አይመለስም፤ ሸክላ የበዛበት ብሪኬት የሚያፈራው እምነት ማጣት ጥሩ የሚሠሩትንም አብሮ ይጎዳል።

ሰጋቱራው ደግሞ ከድቃቂው የሚለየው ገና ያልከሰለ በመሆኑ ነው። በአፈር ክምር ውስጥ ሊከስል አይችልም፤ ብናኙ ተጠቅጥቆ ሙቀትንም ጋዝንም ስለሚገታ ዳሩ አመድ ሲሆን መካከሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው ሰጋቱራውን በሚሽከረከር በርሜል ወይም በጠመዝማዛ ማስተላለፊያ እያንቀሳቀሱ አክስሎ ከዚያ በመጣበቂያ መጭመቅ ነው። ሁለተኛው በጃፓን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ሲሆን፣ ሰጋቱራው አስቀድሞ በሞቀ መጨመቂያ ውስጥ ይገፋል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን በሙቀቱ ለስልሶ ራሱ መጣበቂያ ይሆናል፤ የወጣው ድፍን ዘንግ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም እንጨት ይከስላል። ሁለተኛው መንገድ መጣበቂያ አይፈልግም፤ ነገር ግን የሰጋቱራው እርጥበት ከአሥር በመቶ ብዙ እንዳይርቅ ያስገድዳል፣ መጨመቂያውም ኤሌክትሪክ ይበላል። ከበጋ ፀሐይና ከአካባቢው የውሃ ኃይል አንጻር ሁለቱም ለባሕር ዳር የማይደረስባቸው አይደሉም።

በከሰልና በጥሬ እንጨት መካከል የሚቆም ሌላ ዘዴ ቶሪፋክሽን ይባላል። ይህ እንጨትን እንደ ቡና መቁላት ነው፤ አየር በታፈነበት ዕቃ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ተሰባሪ ይሆናል፣ ውሃ የመምጠጥ ጠባዩንም በአብዛኛው ያጣል፤ ወደ ሙሉ ከሰልነት ግን አይደርስም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ቁጠባው ነው፤ ከክብደቱ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ሲጠፋ ከሙቀቱ የሚጠፋው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአፈር ክምር ከሚተርፈው ሩብ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ሆኖም የተቆላ እንጨት በቤት ምድጃ ላይ ይጨሳል፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ የከሰልን ቦታ ሊተካ አይችልም። ተገቢ ቦታው የጡብ ምድጃ፣ የዳቦ ቤት እቶን፣ የፋብሪካ የእንፋሎት ማመንጫና የሲሚንቶ እቶን ነው። ለቤት የሚሆነውንና ለፋብሪካ የሚሆነውን ሳይለዩ ሁሉንም «ዘመናዊ ከሰል» ብሎ መጥራት ለገዢውም ለሻጩም አይበጅም።

ወደ እምቦጭ ስንመለስ ስሌቱ ጠንከር ይላል። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም በኢትዮጵያ በቆቃና በአዋሽ ከታየ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከሰሜናዊው ዳርቻ፣ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ተነሥቶ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተስፋፋ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ አረሙ አብሮት ነበር። ዓሣ አጥማጁና ገበሬው ከሌላ አካባቢ ከመጣ በጎ ፈቃደኛ ጋር እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ የተነቀለውም በዳርቻው ተከምሮ እየበሰበሰ ይቀራል። ክምሩን ወደ ጥቅም የመለወጥ ጉጉት ከዚህ ድካም የተወለደ ነውና ሊከበር ይገባል።

ነገር ግን ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ እምቦጭ ውስጥ 94 ኪሎ ግራም ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው 6 ኪሎ ግራም ደረቅ አካል ቢነድ የሚሰጠው ሙቀት ከ85 ሜጋጁል ብዙም አይበልጥም፤ ውሃውን በእሳት ለማትነን ግን 240 ሜጋጁል ገደማ ያስፈልጋል። እምቦጭን በማገዶ አድርቆ ማገዶ ማድረግ የሚገኘውን ሦስት እጥፍ አስቀድሞ ማቃጠል ነው። በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል፤ ሰፊ ሜዳ፣ ተደጋጋሚ ማገላበጥና ደረቅ ወራት ይጠይቃል። ከደረቀም በኋላ ሁለተኛ ችግር ይጠብቃል፤ የእምቦጭ አመድ ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን የእንጨት አመድ ግን አንድና ሁለት በመቶ ነው። በሚከስልበት ጊዜ የሚጠፋው የሚነደው ክፍል እንጂ አመዱ ስላልሆነ፣ ከእምቦጭ የሚወጣው ከሰል ግማሽ ያህሉ አመድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ከሰል ቶሎ አይያዝም፣ ሲያዝም ሙቀቱ ደካማ ነው፣ ምድጃውንም በአመድ ይሞላል።

ለእርጥብ ተረፈ ምርት የተሻለው ዘዴ ሃይድሮተርማል ካርቦናይዜሽን የሚባለው፣ በአማርኛ በሙቅ ውሃ ማክሰል ሊባል የሚችለው ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ በርጊዩስ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 ከካርል ቦሽ ጋር በከፍተኛ ግፊት ኬሚስትሪ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ በ1913 የዕፅዋት አካል በግፊት ሥር ባለ ሙቅ ውሃ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ወደ መምሰል እንደሚለወጥ አሳይቶ ነበር። ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት የምትሠራውን ሥራ ይህ ዘዴ ወደ ሰዓታት ያሳጥረዋል። ጥሬ ዕቃው ከውሃ ጋር በጠንካራ ብረት ዕቃ ውስጥ ይዘጋና ከ180 እስከ 250 ዲግሪ ይሞቃል፤ ግፊቱ ውሃው እንዳይተን ስለሚይዘው ለማትነን ይጠፋ የነበረው ትልቁ ሙቀት ይቆጠባል። የሚወጣው ጠጣር አካል ሃይድሮቻር ይባላል፤ ከአመዱ ከፊሉ በውሃው ስለሚሟሟም ከተለመደው ከሰል ይልቅ አመዱ ሊቀንስ ይችላል።

ይሁንና እዚህም ላይ ሒሳቡ ይቅርታ አያውቅም። ያንኑ 94 ኪሎ ግራም ውሃ ወደ 200 ዲግሪ ለማድረስ ብቻ 75 ሜጋጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም እምቦጩ ራሱ ከያዘው ሙቀት ጋር ሊስተካከል ጥቂት ይቀረዋል። ስለሆነም አረሙ አስቀድሞ ካልተጨመቀና ከአንዱ ዙር የወጣው ሙቅ ውሃ የሚቀጥለውን ዙር እንዲያሞቅ ካልተደረገ ትርፍ የለውም። ይህን የሚያደርግ ተቋም እስከ 40 ከባቢ አየር የሚደርስ ግፊት የሚችል ዕቃ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማያቋርጥ ጥበቃ ይፈልጋል፤ በቀበሌ ደረጃ የሚደራጅ የወጣቶች ማኅበር ሊሸከመው የሚገባ ሥራ አይደለም።

ከሙቀቱም የሚብሰው የዝቃጩ ውሃ ጉዳይ ነው። በሙቅ ውሃ ማክሰል ሲያበቃ የሚቀረው ቡናማ ፈሳሽ በአሲዶችና በሌሎች ኦርጋኒክ ውሁዶች የተሞላ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስም ያዘለ ነው። እምቦጭ በጣና የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ የሚወርድ ንጥረ ነገር ውሃውን ስላዳበረለት ነው፤ ይህ ፈሳሽ ሳይታከም ወደ ሐይቁ ቢፈስስ አረሙን ከሐይቁ አውጥቶ ምግቡን መልሶ ወደ ሐይቁ ማፍሰስ ይሆናል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሸክም የመሸከም አቅሙ ውስን ነው። ከዚህ ሁሉ አንጻር እምቦጭ ውሃነቱ ጉድለት በማይሆንበት አገልግሎት፣ ማለትም ከከብት እበት ጋር ተደባልቆ በባዮጋዝ ጉድጓድና በብስባሽ ማዳበሪያ፣ ቢውል ለሐይቁም ለገበሬውም ይሻላል። እምቦጭ መነቀሉ ግዴታ ነው፤ መነቀሉ ግን ከሰል ሊያስገኝ ይገባል በሚል ሁኔታ ላይ መታሰር የለበትም።

በሐይቁ ምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ ከተማ የሩዝ ወፍጮዎች አጠገብ የሚከመረው የሩዝ ገለፈት ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። ያልተፈተገ ሩዝ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው፤ ደረቅ ሆኖ በአንድ ቦታ መከማቸቱ ከሰጋቱራ ጋር ያመሳስለዋል። ነገር ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው አካሉ ሲሊካ የተባለ ከአሸዋ ዘር የሆነ ማዕድን ስለሆነ፣ የከሰለ ገለፈት ለቤት ምድጃ ደካማ ነው። ከሰጋቱራ ከሰል ጋር በጥቂቱ ተደባልቆ ሊጨመቅ፣ ወይም ለጡብ እቶን ሊሆን፣ አልያም በአሲዳማ አፈር ላይ ሊበተን ይችላል።

ከየትኛውም ጥሬ ዕቃ ቢመጣ ከሰል የሚነደው በሰው ቤት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከፍተኛውን የጤና ሸክም የሚሸከሙትም ማዕድ ቤት የሚውሉ እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት መሆናቸውን ማንሣት ያስፈልጋል። ጥሩ ከሰል ጭሱ ጥቂት ነው፤ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አብዝቶ ያወጣል፤ ስለዚህ በተዘጋ ክፍል የተተወ የከሰል ምድጃ የተጨመቀም ይሁን ያልተጨመቀ ይገድላል። ከእንጨት ሥራ ቤት የሚወጣው ተረፈ ምርት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ፎርማይካ የተለጠፈበት ሰሌዳ በሙጫ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ቀለም የተቀባና በፀረ ምስጥ የተነከረ እንጨትም እንዲሁ፣ ወደ ማክሰያው ሊገቡ አይገባም። የእነዚህ ሰጋቱራ ከንጹሑ ጋር አንዴ ከተደባለቀ መለየት ስለማይቻል፣ መለየቱ መጀመር ያለበት ከመጋዙ ሥር ነው።

ተረፈ ምርትን ወደ ከሰል መለወጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን የፎርድ ኩባንያ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪናዎቹ የእንጨት ክፍሎች ከሚሰነጥቀው ግንድ የሚተርፈውን ቁርጥራጭና ሰጋቱራ አክስሎ፣ በስታርች አጣብቆ ለገበያ ያቀርብ ነበር፤ ሥራው የተሳካለት ተረፈ ምርቱ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዓይነት፣ በብዛት ስለተከማቸ ነው። በኢትዮጵያም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት የሰብል ተረፈ ምርትን ጨምቆ ማገዶ የማድረግ የሙከራ ፕሮጀክት ተጠንቶ ነበር። በዚያው ዘመን መጨረሻ ገደማ የተዋወቀው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ግን የከሰል ፍጆታን ሩብ ያህል እንደሚቀንስ ታይቶ በየቤቱ ገብቷል። ምድጃው የተስፋፋው ለመሥራት ሸክላና ቆርቆሮ ብቻ ስለጠየቀ፣ ለመግዛትም ርካሽ ስለነበረ ነው። የብሪኬት ሥራ ግን ከየቦታው መሰብሰብን፣ ማድረቅን፣ ማሽንን፣ መጣበቂያንና ገበያን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ሁሉም ይቆማል። በብዙ ቦታ የተጀመረው ሥራ ከምርቃቱ በኋላ የሚደበዝዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ባሕር ዳር ይህን ሰንሰለት ለመገጣጠም ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የእርጥበት፣ የአመድና የሙቀት ልክ ለመመዘን የሚያስፈልገው ዕውቀት አለው። ከዩኒቨርሲቲው የሚጠበቀው አንድ ተጨማሪ የመመረቂያ ጥናት ከመሆን ይልቅ በየሳምንቱ ከገበያ የሚመጣን ብሪኬት እየመዘነ ውጤቱን ለአምራቹም ለገዢውም የሚያሳውቅ አገልግሎት ነው። በሐይቁ ዳርቻ ካለው ከዘጌ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማው የሚመጣው እንጨት የሚቀንሰውም በክልከላ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የሚስተካከል ማገዶ በዋጋውና በጥራቱ ታምኖ በገበያው ሲገኝ ነው።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር እንጨት ሥራ ቤቶች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ሙጫና ቀለም ያልነካው ሰጋቱራ ለብቻው የሚሰበሰብበት ጣሪያ ያለው መጋዘን ይሥራ፤ የከሰል ተራውን ድቃቂ ለተደራጁ ማኅበራት ያስረክብ፤ የአመዱ መጠን ያልተጻፈበት ብሪኬት እንዳይሸጥ መመሪያ ያውጣ። በአዊ የሚያከስሉ ገበሬዎችም የአፈር ክምሩን በተሻለ ማክሰያ እንዲለውጡ ብድርና ሥልጠና ይሰጣቸው፤ ከዚያ የሚድነው እንጨት ከባሕር ዳር ሰጋቱራ ሁሉ ይበልጣል። የእምቦጩ ከሰል ሙቀትን መልሶ የሚጠቀም፣ ዝቃጭ ውሃውንም የሚያክም ተቋም እስኪሠራለት ድረስ ይቆይ።